ውሃው ሳይሞቅ

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት፣
ሠላሳ ዓመት ፖስታ የተንጠለጠለበት
ትከሻዬን ይዤ ገባሁ ወደ ሱቅ ቤት፤
የሽቦ ወጥመዱን፣ ቦቲውን፣ ጓንቱን፣
እጀ ረጅሙን መረብ፣ የናስ መለኪያውን፣
ፈቃዱን ጨምሬ፣ ማኅተም ያለውን።
ሻጩ፣ «ቀኑ ገና ነው፣ ውሃው አልሞቀም» አለ፤
ገንዘቡን ግን፣ ቀኑን ሳይጠብቅ፣ ተቀበለ።

በሚያዝያ ንጋት፣ ከቼሳፒክ ሰላጤ ዳር፣
የእንጨቱ መድረክ ከእግሬ ሥር ሲያቃስት፣ ሲናገር፣
ጉም ነበር፤ ሸምበቆ ነበር፤
ከእኔና ከጓዜ በቀር ሌላ አልነበር።

ጎረቤቴ መጡ፣ ወይዘሮ ኦዴሳ ቲልማን፣
ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸውን
በወንድ ካፖርት ጠቅልለው፤
በአንድ እጅ የሲባጎ ጥቅል፣ በአንድ እጅ የዶሮ አንገት አንጠልጥለው።

«ምነው ይሄ ሁሉ ጓዝ? ጦርነት ነው እንዴ?
ሸርጣኑ ከጭቃ ሥር ነው፤ ገና ተኝቷል፣ ሆዴ።
እሾሃሙን ዛፍ እየው፤ እንቡጥ እንኳ የለው፤
እሱ ነጭ ሲያብብ ነው ሸርጣን እግሩን የሚያፍታታው።»

«ታዲያ እርስዎስ?» አልኩ።
ባልዲዬን ገልብጠው፣ እላዩ ላይ ተቀምጠው፣
«እኔማ አልቸኩልም» አሉ፣ ሲባጎውን ፈተው።

አንገቱን አጥብቀው አሰሩ፤ ወረወሩ፤
ወጥመዴን ዞር ብለው ሳያዩ እንዲህ አስተማሩ፦
«ክሩ ሲወጠር አትደንግጥ፤ ቶሎ አትሳብ፤
እንግዳህ አይደል? መጀመሪያ ይብላ፣ ይጥገብ።
ከዚያ ስንዝር፣ ስንዝር… እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን
ከአልጋ ወደ አልጋ እንደሚያዞሩት ነው የሚወጣ ሸርጣን።»

አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። ጣቴ ደነዘዘ።
ጀልባ አለፈ፤ ጉሙ ተነሣ፤ ቡናዬ ቀዘቀዘ።
ክሩ ከበደኝ! ልቤ ዘለለ፤ እጄም አብሮ።
የመጣው አንገቱ ብቻ፣ ተቦጭቆ፣ ተመንጭሮ።
ወይዘሮ ኦዴሳ አልሳቁብኝም፤
ቢስቁብኝ ኖሮ ያን ያህል አያምም።

ኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣
ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ከአውራ ጣቱ ሥር ጠባሳ አለባቸው።
«ሠላሳ አንድ ዓመት» አሉ፣ «በሸርጣን መፈልፈያ ቤት፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እስከ እኩለ ቀን፣ ቢላ ይዤ በቁመት፣
ሥጋውን ከቅርፊት ነጥዬ፣
በሚዛን ተከፍዬ።
ስንት ሺህ አለፈ በእጄ! ሁሉም የተቀቀለ፣
ቀይ፣ ዝም ያለ።
ሰማያዊነቱን ልብ ብዬ ያየሁት
ሰባ ዓመት ሞልቶኝ ነው፣ እዚህ፣ ለጨዋታ ብዬ የሳብኩት ዕለት።»

«ለጨዋታ» የምትለዋን ቃል ምላሳቸው ላይ አቆዩአት፤
እንደ ጨው እስክትቀልጥ ጠበቋት።

ያኔ ክሬ ከበደ። አልዘለልኩም።
(ትንሽ ዘለልኩ፤ አልዋሽም።)
ስንዝር፤ ቆም። ስንዝር፤ ቆም።
ከቡናማው ውሃ ጥላ ወጣ፤ ጥላው እግር አወጣ፤
መቆንጠጫው ሰማያዊ፣ ዓይኑ እንደ ሚስማር የወጣ፣ የተቆጣ።
መረቡን እሳቸው ከሥሩ አሾለኩ፤
እኔ በአዲሱ ናስ ከእሾህ እስከ እሾህ ለካሁ።
ሕጉ አምስት ኢንች ይላል። ጎደለ። ደግሜ ለካሁ።
በጥፍር ውፍረት! ትንፋሼን ውጬ፣ ሦስተኛ ለካሁ።

«ናስ አይለጠጥም፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ኦዴሳ።
ሸርጣኑ አውራ ጣቴን ቆነጠጠኝ፤ ጓንቱ ኪሴ ውስጥ ነው፣ የተረሳ።
ለቀቅኩት፤ ለቀቀኝ። በጎኑ ዋኘ፣ ወረደ፤
ጭቃውን እንደ ብርድ ልብስ ስቦ ሄደ።

እሳቸው ደሜን አይተው የራሳቸውን ጣት አዩና
ምንም አላሉም። የተረፈውን አንገት ጨው ነሰነሱበትና
ማሰሮ ውስጥ ከተቱት፤ ባልዲዬንም ይዘው ሄዱ፤
መቀመጫ ሆኗል፣ ምን ያድርጉ!

ወጥመዱ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ዋጋው እንደተለጠፈበት።
እኔ በየማለዳው፣ በኩሽናዬ መስኮት፣
ያን እሾሃም ዛፍ አያለሁ፤ ዛሬ ከጫፉ አንድ ነገር ነጣ፤
እንቡጥ ይሁን ጠብታ፣ ገና አልለየሁም።
አልቸኩልም።